ኃይለኛና ታማኝ የነበረን ሟች እንዴት እናስበው?

ጥያቄ፦

መምህር፥ እንደምን ሰነበቱ? በቅርቡ ያረፉት የክርስትና አባቴ የእርስዎ የረጅም ዘመን ወዳጅ እንደ ነበሩ አውቃለሁ። በቀብራቸው ዕለት በሰጡት ትምህርት «ወዳጃችን ታማኝ ነበር፤ ኃይለኛም ነበር፤ በአንደበቱ ያዘናችሁበት ካላችሁ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉት» ማለትዎ ቤተ ሰቡን ለሁለት ከፍሎታል። ገሚሱ «እውነቱን ነው የተናገሩት» ሲል፥ ገሚሱ ደግሞ «በሙት ላይ እንዲህ አይባልም፤ ያውም ከካህን አፍ» ብሎ ተቀይሟል። እኔም የራሴ ጉዳይ አለኝ። ከማረፋቸው በፊት ከቤተ ክርስቲያን ርቄ፥ መጠጥም አብዝቼ ስለ ነበር፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሁሉ እየሰማ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጅ አይደለህም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሳንነጋገር አረፉ። የሟችን ጉድለት በአደባባይ ማንሣት ይገባል ወይ? እንዲህ ያለውን ቁጡ ሰው ታማኝ ክርስቲያን ብሎ ማመስገንስ ይቻላል ወይ? እኔስ አሁን ከእርሳቸው ጋር እንዴት ልታረቅ?

መልስ፦

ወንድሜ ሆይ፥ ጥያቄህ ሦስት ቢሆንም ሥሩ አንድ ስለ ሆነ ለየብቻ ቆራርጬ አልመልስልህም። አስቀድሜ ግን ሁለት ነገር ላስታውቅህ። እኔና የክርስትና አባትህ ከወጣትነታችን ጀምሮ አንተ እየተባባልን ስለ ኖርን እዚህም እንደ ልማዴ «እርሱ» እላለሁ፤ አንተ ግን አንቱታህን አትተው። ደግሞም የንስሐ አባቱ እኔ አልነበርኩም። ብሆን ኖሮ በዚያ ቀን ስለ ጠባዩ አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር፤ ሰው ስለ ሞተ ለንስሐ አባቱ የተናገረው ምሥጢር አይፈታምና። የተናገርኩት በአደባባይ የታየውንና ሁላችንም የምናውቀውን ብቻ ነው።

ቤተ ሰቡ ለምን እንደ ተቀየመ ይገባኛል። ሰው ስለ ሟች ጉድለት ሊያነሣ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ የሚጀምረው በከንቱ አይደለም። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ መልስ የማይሰጥን ሰው መክሰስ ደግሞ የፈሪ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ መልካም ጥንቃቄ አጠገብ አንድ መጥፎ ልማድ በቅሏል፤ እርሱም ትናንት ስናማው የነበረውን ሰው ዛሬ ስለ ሞተ ብቻ እንከን የሌለበት ጻድቅ ማድረግ ነው። በመቃብሩ አፋፍ ቆመን «ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ» ስንል ከሚሰሙን ሰዎች ብዙዎቹ በልባቸው «እኔን አስቀይሞኛል» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የምንናገረውን እውነት እንኳ አያምኑንም። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፈ ግንዘት ተጽፎ በፍትሐቱ የሚደርሰው ጸሎት ሟቹ በማወቅም ባለማወቅም የሠራው ኃጢአት እንዲሰረይለት፥ ነፍሱም ከቅዱሳን ጋር እንድታርፍ የሚለምን ነው። ካህኑ «ይቅር በለው» ብሎ ጸልዮ ሳይጨርስ ዞር ብሎ «ይቅር የሚባልለት ምንም ነገር የለም» የሚል ስብከት ቢሰብክ፥ የገዛ ጸሎቱን በገዛ አፉ አፈረሰው ማለት ነው። ለሟች የሚጠቅመው ልመናችን ነው፤ ውዳሴያችን ሰዎች እንዳይለምኑለት የሚያደርግ ከሆነ ሟቹን የሚያስፈልገውን ነገር ከለከልነው እንጂ አከበርነው አይባልም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ረገድ የሚያደርገውን ተመልከት። ስለ ሙሴ እግዚአብሔር ራሱ «በቤቴ ሁሉ የታመነ ነው» ብሎ መስክሯል (ዘኁልቍ 12፥7)። ይኸው ታማኝ ሰው በቃዴስ ሕዝቡ ባስመረሩት ጊዜ ተቆጥቶ «እናንተ ዓመፀኞች» ብሎ ጮኸባቸው፤ ዓለቱንም ሁለት ጊዜ መታው (ዘኁልቍ 20፥10-11)። ሊሞት ወደ ናባው ተራራ እንዲወጣ በታዘዘበት በዚያው ቃል ውስጥ ይህ በደሉ ተነግሮታል (ዘዳግም 32፥51)። ሁለት ምዕራፍ አልፎ ደግሞ የእስራኤል ልጆች 30 ቀን እንዳለቀሱለትና እንደ እርሱ ያለ ነቢይ በእስራኤል ዘንድ እንዳልተነሣ እናነባለን። በደሉ ከታሪኩ አልተፋቀም፤ ምስጋናውም በበደሉ ምክንያት አልተቀነሰም። ምድረ ርስትን አልገባም፤ ነገር ግን በደብረ ታቦር ከጌታ ጋር ሲነጋገር የታየው እርሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለተቃራኒው ወገን የሚሆን ምሳሌም አለ፤ ልደብቅህ አልፈልግም። ሳኦል በዳዊት ላይ ጦር ወርውሮበታል፤ በየበረሃውም አሳድዶታል። በጊልቦዓ ተራራ በወደቀ ጊዜ ግን ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል 1 በተጻፈው ሙሾ ውስጥ ስለ ጦሩም ስለ ስደቱም አንዲት ቃል አላነሣም፤ የሳኦልን ኃያልነት፥ ከዮናታን ጋር በሞት አለመለየቱን፥ የእስራኤልን ሴቶች ልጆች ቀይ ግምጃ ማልበሱን ብቻ ተናገረ። ከዚህ የምረዳው ጉድለትን መናገር ግዴታ አለመሆኑን ነው። በተለይም የተበደለው ሰው በቀብር ዕለት ዝም ቢል የሚመሰገንበት እንጂ ሐሰት ተናገረ የሚባልበት አይደለም። ዝም ማለትና መዋሸት የተለያዩ ናቸው፤ ዳዊት ሳኦል አሳዳጁ እንደ ነበር ሸሸገ እንጂ «ሳኦል ዘወትር ይወደኝ ነበር» አላለም።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ቀርቦ የማየው ግን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስለ ወዳጁ ስለ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ የተናገረውን ረጅም የመታሰቢያ ንግግር ነው። ሁለቱም የቀጰዶቅያ ልጆች ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአቴና አብረው ተምረዋል። ጎርጎርዮስ ያንን ዘመን ሲያስታውስ በሁለት ሥጋ ያደረች አንዲት ነፍስ ያለችን እንመስል ነበር፤ የምናውቀውም ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፥ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሌላው ወደ መምህራኖቻችን የሚወስደውን ይላል። ባስልዮስ በ370 ዓ.ም. (በዚህ ታሪክ ያሉትን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በዘመኑ የነገሠው የሮም ንጉሥ ቫሌንስ፥ የክርስቶስን ከአብ ጋር መተካከል የሚክዱት የአርዮሳውያን ደጋፊ ስለ ነበር እንደራሴው ሞዴስቶስ ባስልዮስን አስጠርቶ ንብረትህን እወርሳለሁ፥ ወደ ግዞት እልክሃለሁ፥ አሠቃይሃለሁ፥ እገድልሃለሁ እያለ ዛተበት። ባስልዮስም ከጥቂት መጻሕፍትና ካረጀ ልብስ በቀር የምትወርሰው የለኝም፤ ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ናትና ግዞት የሚባል አላውቅም፤ ሰውነቴ ደካማ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ምት ያበቃለታል፤ ሞትም ወደምናፍቀው አምላክ ፈጥኖ ያደርሰኛል ብሎ መለሰለት። ሞዴስቶስ እስከ ዛሬ እንዲህ ደፍሮ የተናገረኝ የለም ቢለው፥ ምናልባት ከጳጳስ ጋር ተገናኝተህ አታውቅ ይሆናል አለው።

ይህን የምናነብ ሁሉ ደስ ይለናል፤ ጥንካሬው በባለ ሥልጣን ላይ ነውና። ያው ጥንካሬ ግን በወዳጅ ላይም ወድቋል። በ372 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ የቀጰዶቅያን ግዛት ለሁለት ከፍሎ የአዲሱ ክፍል ዋና ከተማ የጥያና ጳጳስ በባስልዮስ ሀገረ ስብከት ላይ ይገባኛል ባለ ጊዜ፥ ባስልዮስ ሥፍራውን ለማስጠበቅ ጎርጎርዮስን ያለ ፈቃዱ የሳሲማ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ሳሲማ ውኃ የሌላት፥ አቧራና የሠረገላ ጩኸት የሞላባት የመንገድ መገናኛ ነበረች። ጎርጎርዮስ በዚህ እጅግ አዘነ፤ መንበሩንም አልያዘም። ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. በጥር ወር ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ታሞ ስለ ነበር ለቀብሩ አልደረሰም። ንግግሩን ያደረገው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በመካከሉ ቁስጥንጥንያ ሄዶ አስተምሯል፥ በ381 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ላይም ተቀምጧል። ያ ሁሉ አልፎ እንኳ ስለ ሳሲማ ዝም አላለም፤ የወዳጁን ሥራ ሁሉ ሲያመሰግን ይህን አንድ ነገር ግን ማመስገን እንደማይችል፥ ዘመንም ኀዘኑን እንዳላጠፋለት ተናገረ። ወዲያውም ባስልዮስ ያን ያደረገው ወዳጅነትን ንቆ ሳይሆን የእግዚአብሔርን ነገር ከወዳጅነት ስላስበለጠ እንደ ሆነ ራሱ ጠበቃ ሆኖ ይቆምለታል። ወቀሳውም ጥብቅናውም በአንድ አፍ፥ በአንድ ንግግር ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ንግግር ጎርጎርዮስን ሙት ወቃሽ አላለችውም፤ ባስልዮስንም ከቅዱሳን ቁጥር አላጎደለችውም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በባስልዮስ ስም የሚጠራው ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ወደ ወዳጃችን ልመለስ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ከእኔ ይልቅ በቁጣው በኩል ብቻ ያየኸው ይመስለኛልና።

በሰበካ ጉባኤ አብረን ስናገለግል እርሱ ገንዘብ ያዥ ነበር። ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስት ሰው በሌለበት አይከፈትም የሚለውን ደንብ ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥሎ የሚደገም አድርጎት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአንድ የንግሥ በዓል ማታ የስእለቱን ገንዘብ ስንቆጥር ሂሳቡ በጥቂት ሳንቲሞች ጎደለ፤ ጉድለቱ የአንዲት ጧፍ ዋጋ አይሞላም። ሲቆጥር ያመሸው ዲያቆን እንቅልፍ ስላስቸገረው ከኪሱ አውጥቶ ሊሞላ ሲል ወዳጄ እጁን ያዘውና «ያንተን ምጽዋት ነገ ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ ትጨምራለህ፤ ዛሬ የምንፈልገው የጠፋውን ነው» አለው። ከመጀመሪያው እንደ ገና ቆጠርን። ሳንቲሞቹ በጠረጴዛው ልብስ እጥፋት ውስጥ ተገኙ፤ እርሱም ምንም ሳይናገር በመዝገቡ ላይ ጻፈ፥ አስፈረመን፥ ቆልፎ ሄደ። ዲያቆኑ በዚያች ሌሊት ያማው ይመስለኛል፤ እኔም ቢሆን ጉልበቴ ዝሎ ስለ ነበር በልቤ አላመሰገንኩትም። ነገር ግን በእርሱ ዘመን ስለ ደብሩ ገንዘብ ሐሜት የሚባል ነገር አልነበረም፤ በስንት አጥቢያ ምእመናንን የሚያስኮርፈው ይህ መሆኑን ስታስብ የዚያች ሌሊት ድካም ብዙ አይደለም።

ሌላም ልንገርህ። በጉባኤ ላይ በሐሰት የከሰሰው አንድ ሰው ነበር። ክሱ ውድቅ ከሆነ በኋላም ወዳጄ ከዚያ ሰው ጋር ሰላምታ አልነበረውም። ያ ሰው ታሞ በአልጋ ሲውል የሚያገላብጠው ዘመድ አጣ። ወዳጄ በየማለዳው ከኪዳን ጸሎት ሲወጣ በቀጥታ ወደ እርሱ ቤት እየሄደ ያጥበው፥ አንሶላውን ይለውጥለት፥ መድኃኒቱን ይሰጠው ነበር። አንድ ቀን አብሬው ገባሁ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፥ የታመመውን ሰው በጎኑ አስተኝቶ ጀርባውን ለብ ባለ ውኃ እየጠረገ «ትናንት ማታ መድኃኒቱን ትተሃል፤ ዝም ብለህ ልትሞትብኝ ነው?» እያለ ይቆጣው ነበር። ታማሚውም አንድም ሳይመልስ ይታዘዘዋል። ስንወጣ «ታረቃችሁ ማለት ነው?» ብለው «ገና ነን፤ መጀመሪያ ይዳን» አለኝ። ሰውዬው ዳነ፤ በቄሰ ገበዙ ፊትም ታረቁ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን እርስ በርሳቸው ብዙ የሚነጋገሩ አልነበሩም። «ገና ነን» ማለቱን ጌታ «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ካለው ቃል ጋር ሳስተያየው ይጎድላል፤ እጁ ግን በማቴዎስ 25 እንደ ተጻፈው የታመመውን ከመጠየቅ አልዘገየም።

ስለዚህ ቁጡ ሰው ታማኝ ሊባል ይችላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎን፥ ይቻላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ቁጣውን ራሱን ታማኝነት ብለን አንጠራውም። ይህን የምለው ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ የገዛ ጠባዩን «ቅንዓተ እግዚአብሔር» እያለ ሲያስጌጥ ስለምሰማ ነው። መለያው ኃይሉ በማን ላይ እንደሚውል ማየት ነው። ባስልዮስንም በዘመኑ ትዕቢተኛ የሚሉት ነበሩ፤ ጎርጎርዮስ ለእነዚህ ሲመልስ ያ ሰው ለሕሙማን ባሠራው ቤት በለምጽ የተመቱትን ሰዎች እየሳመ የሚቀበል እንደ ነበር ያስታውሳቸዋል፤ ትዕቢተኛ እንዲህ አያደርግምና። በታላላቆች ፊት የማይታጠፍ፥ በለምጻም ፊት የሚያጎነብስ ኃይል ከእግዚአብሔር ነው። በታላላቆች ፊት ተሽቆጥቁጦ በቤቱ በሚስቱና በልጆቹ ላይ የሚያገሣ ግን ጠባዩን ይታከም እንጂ ቅንዓት አለኝ አይበል። ወዳጃችን በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበር። በአብዛኛው ያልኩት የአንተ ጉዳይ ስላለ ነው።

በአንተ ላይ ያደረገውን በሁለት በኩል ማየት አለብህ። የክርስትና አባት የሚባለው በጥምቀቱ ዕለት ሕፃኑን ተቀብሎ፥ በሕፃኑ ምትክ ሰይጣንን ክዶ፥ በክርስቶስ አምኖ ቃል የሚገባ ሰው ነው፤ ልጁን በሃይማኖትና በምግባር የማሳደግ ዕዳ በአንገቱ ላይ አለበት። ብዙዎቻችን ይህን ዕዳ ከክርስትናው ቀን ማግስት እንረሳዋለን። እርሱ አልረሳውም። ከቤተ ክርስቲያን መራቅህ፥ በመጠጥም መያዝህ እንቅልፍ ይነሣው እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ደጋግሞ ነግሮኛልና። መውቀሱ ግዴታው ነበር። አወቃቀሱ ግን ስሕተት ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም፥ በሕይወት ሳለም ነግሬዋለሁና። ጌታችን «ሂድና አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ብሏል (ማቴዎስ 18፥15)፤ እርሱ በአደባባይ ጀመረ። ሐዋርያው የሳተውን ሰው «በየውሃት መንፈስ አቅኑት» ይላል (ገላትያ 6፥1)፤ እርሱ በቁጣ ተናገረህ። «የእኔ ልጅ አይደለህም» ማለትም በእጁ አልነበረም፤ በጥምቀት የተገኘ አባትነትና ልጅነት በአንድ ሰው ቁጣ አይፈርስም። ስለዚህ ዛሬም የክርስትና ልጁ ነህ፤ ማንም ከዚህ ሊያወጣህ አይችልም፥ እርሱ ራሱም ቢሆን።

አሁን በቀብሩ ዕለት ለምን እንዲያ እንደ ተናገርኩ ልግለጽልህ። በመጨረሻው ሕመሙ ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ባለቤቱ በተቀመጡበት «በመቃብሬ ላይ ልታወድሰኝ እንዳትነሣ፤ በአፌ ያቆሰልኳቸው ሰዎች አሉ፤ ሁሉም የሚሰበሰቡት ያን ቀን ነውና ይቅር በሉት በልልኝ» አለኝ። አደራ ነበረብኝ፤ አደራዬን ተወጣሁ። ባለቤቱም ስለዚህ ቅር እንዳላላቸው ነግረውኛል፤ የተቀየሙት ዘመዶች ይህን ያልሰሙ ናቸውና እንድትነግርልኝ እለምንሃለሁ። ይህ አደራ ባይኖርብኝ ኖሮ እንደ ዳዊት ዝም ባልኩ ነበር። ሌላ ካህንም እኔን አይቶ በማያውቀው ሟች ላይ እንዲህ እንዳይናገር እመክራለሁ፤ ሟቹ ያልጠየቀውን፥ ቤተ ሰቡም ያልተዘጋጀበትን ነገር በመቃብር ላይ ማንሣት በኀዘንተኛ ላይ ኀዘን መጨመር ነው። ወዳጄ ያን አደራ በሰጠኝ ሰዓት በስም የጠራው ሰው የለም። አንተን አንሥቶ ነበር ብዬ ላጽናናህ አልችልም፤ አንተንም አላነሣም፥ ሌላም አላነሣም። ነገር ግን በአንደበቱ የቆሰለ ሁሉ በዚያ ልመና ውስጥ አለ፤ አንተም አለህበት።

ስለዚህ ከእርሱ በኩል የይቅርታው ጥያቄ ደርሶሃል። የቀረው ያንተ መልስ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ይቅር ማለት ምን ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ቢመጣብህ አትቀበለው፤ ቂም የሚኖረው በሟቹ ዘንድ ሳይሆን በያዘው ሰው ልብ ውስጥ ነው፤ ጌታም «በደላችንን ይቅር በለን» ብለን እንድንጸልይ ሲያስተምረን በደለኛው በሕይወት ካለ ብቻ ይቅር በሉት አላለም። አንተም እርሱን ያሳዘንክበት ነገር አለህ፤ ያንን ለንስሐ አባትህ ንገር። እኔ በዚህ ጽሑፍ ቀኖና ልሰጥህ አልችልም፤ አኗኗርህን የሚያውቅህ የንስሐ አባትህ የሚልህን ፈጽም፥ መጠጡንም ሳትሸሽግ አስረዳው። ከዚያም ሲፈቀድልህ ከሥጋውና ከደሙ ተቀበል። ወዳጄ ከአንተ የሚፈልገው ይህን ነበር፤ ደጅ ላይ የጮኸብህ በዚህ ምክንያት ነው።

ለእርሱ ልታደርግለት የምትችለው ደግሞ አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉም ኢዮብ ስለ ልጆቹ ያቀረበውን መሥዋዕት (ኢዮብ 1፥5) ያነሣና፥ አባት ስለ ልጆቹ ያቀረበው ከጠቀማቸው እኛ ስላንቀላፉት የምናቀርበው ያጽናናቸዋል ብሎ ማመን ለምን ያስቸግራል ብሎ ይጠይቃል። ኢዮብ ያን መሥዋዕት ያቀርብ የነበረው «ምናልባት ልጆቼ በድለው ይሆናል» እያለ እንደ ነበር አስተውል፤ ጻድቃን ናቸው ብሎ ቢተማመን ኖሮ ማልዶ አይነሣም ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ስላንቀላፉት ሲጸለይ ስሙን በልብህ አንሣ። በሣልስቱ፥ በሰባተኛው፥ በ40ኛው፥ በ80ኛው ቀን፥ በመንፈቁና በዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ለሟች ጸሎት ታደርጋለች፤ 40ኛው ቀን ገና አላለፈምና በዚያ ቀን ተገኝ። ድግስ የጸሎቱ አካል አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ለድኻ ቢያበላ መልካም ነው፥ ተበድሮ መደገስ ግን ሟቹንም አይጠቅምም፥ ደጋሹንም ባለ ዕዳ ያደርገዋል። ወዳጄ ዕዳ እንዴት ይጠላ እንደ ነበር ስለማውቅ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም።

ስለ ልቅሶ ባትጠይቀኝም በአጭሩ ልጨምር፤ ሰው ሲሞት ማልቀስ ነውር አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል፤ እስጢፋኖስንም በጸሎት የተጉ ሰዎች ታላቅ ልቅሶ አልቅሰው ቀብረውታል (የሐዋርያት ሥራ 8፥2)። የተከለከለው ሥጋን እስከ መንጨት የሚያደርስ፥ ትንሣኤ ሙታንን የሚያስረሳ ኀዘን ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ» አለ እንጂ ጨርሳችሁ አትዘኑ አላለም (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13)። ለእኔም ብርቱ ኀዘን ሆኖብኛል። በስብሰባ ላይ ሁሉም እሺ ያለኝን ነገር ብቻውን «አይሆንም» የሚለኝ ሰው ከእንግዲህ የለም፤ ካህን በዕድሜ እየገፋ ሲሄድ እሺ የሚሉት እንጂ የሚመልሱት ሰዎች ስለማይበዙ፥ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በምሳሌ 27፥6 የወዳጅ ማቍሰል የታመነ መሆኑ ተጽፏል፤ ከእርሱ ብዙ ጊዜ ቆስያለሁ፥ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ለጥቅሜ ነበሩ።

ከ40ኛው ቀን በፊት ባለቤታቸውን ሄደህ ጠይቃቸው። ብቻቸውን ናቸው፤ አንተን ካዩህም ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ። በደጁ ላይ ስለ ሆነው ነገር እርሳቸው ካላነሡት አንተ አታንሣው። የክርስትና አባትህን የክርስትና ስም አንተም ታውቀዋለህ፤ በወረቀት ጽፈህ ለቅዳሴው ካህን በዋዜማው ስጥ፤ በዚያው ወረቀት የራስህንም የክርስትና ስም ከሥሩ ጻፍ።